የወረደው ቁጥርና የተቆጠረው ሕዝብ



አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሕዝብ፣ በሥሩ ያሉት አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተቋቋሙ ናቸው። የዓመቱ ግብ ከጤና ሚኒስቴር ተነሥቶ፣ በክልል ጤና ቢሮና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አልፎ ጤና ጣቢያው ሲደርስ የሚሰላው በዚሁ የሕዝብ ቁጥር ነው። የነፍሰ ጡሮች ምጣኔ ከመቶ 3.4 ነው ከተባለ፣ 25,000 ሕዝብ የተጻፈለት ጤና ጣቢያ በዓመት 850 ነፍሰ ጡሮችን መከታተል ይጠበቅበታል። ክትባቱም፣ የቤተሰብ ዕቅዱም፣ የሕፃናት ክብደት ልኬታውም በዚሁ ስሌት ይከፋፈላል። አዋላጇ ዓመቱን ሙሉ የምትገመገመው በ850ው ነው።

ይህ የሕዝብ ቁጥር ግን ከየት መጣ? መነሻው በግንቦት 1999 የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ፣ እስካሁን የምንሠራው ያንኑ ቁጥር በትንበያ ከዓመት ዓመት እያሳደግን ነው። ሕዝቡ ከቀዬው ብዙም በማይንቀሳቀስበት ደጋ አካባቢ እንኳ ይህ ያሳስባል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። በመንጌ፣ በኩርሙክና በሸርቆሌ የወርቅ ቁፋሮ ቦታዎች ሰው በወራት ውስጥ ይሰፍራል፣ በወራት ውስጥም ይበተናል። በጉባና በዳንጉር እርሻዎች የአረምና የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ከሌላ ክልል የሚመጣው ሠራተኛ በየትኛውም ቀበሌ መዝገብ ላይ የለም። ከ2011 ጀምሮ በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ቤተሰቦች ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ተፈናቅለዋል፤ የተመለሱም ያልተመለሱም አሉ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገባ። ስደተኞች በመጠለያ የራሳቸው የጤና አገልግሎት ቢኖራቸውም፣ በድንበር ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ በሩን የምታንኳኳውን እናት ከየት መጣሽ ብሎ አይመልስም፤ መመለስም የለበትም።

ስለዚህ 25,000 የተባለው ሕዝብ እውነተኛ ቁጥሩ 35,000 ከሆነ ክትባቱ «ከመቶ በላይ» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ ሁሉም ይደሰታል፤ ያልተከተቡት ልጆች ግን ከዓይን ይሰወራሉ። ሕዝቡ ተፈናቅሎ 18,000 ብቻ ቀርቶ ከሆነም ሠራተኛዋ የሌሉ እናቶችን አላመጣሽም ተብላ ትወቀሳለች። ሁለቱም በደል ነው። እንደ እኔ ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሰው የውሸት ሪፖርት መጻፍ የሚለምደው እንዲህ ባለው ግምገማ ነውና።

ወረዳን መሠረት ያደረገው የጤና ዕቅድና «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለው መርሕ ለዚህ መልስ ነበረው። ከላይ አቅጣጫ ይመጣል፣ ከታች የአካባቢው እውነታ ይወጣል፣ ሁለቱ ተገናኝተው ይታረቃሉ። ከ2013 እስከ 2017 የተዘረጋው ሁለተኛው የጤና ሴክተር ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። በተግባር የሚታየው ግን የመውረጃው መንገድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ይህ አይደለም ብሎ የሚመልስ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ለሥራ ፍላጎት እንደሌለው ይቆጠራል። ትክክለኛው ቁጥር እኮ በእጃችን ነው! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሚሞሉት የቤተሰብ ፎልደር በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አለ። አቧራው ተራግፎ ለዕቅድ ሊውል ይገባዋል።

ከአካባቢው እውነታ የራቀ ስሌት የሚያስከትለው ጉዳት በወባም ይታያልና፣ ስለ ወባ ትንሽ ልቆይ። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከታኅሣሥ 2016 መገባደጃ እስከ ጥቅምት 2017 መጀመሪያ ባለው ጊዜ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወባ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያይላል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ ነው፤ ያለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ በሁለት ተባዝቶ፣ በመጋዘን ያለው ይቀነስለትና ጥያቄው ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አሶሳ ቅርንጫፍ ይላካል። እንግዲህ አስቡት፦ የመስከረም የወባ መድኃኒት ኮአርተምና ፈጣን መመርመሪያ የሚሰላው በግንቦትና በሰኔ፣ ቢዘገይ በሐምሌና በነሐሴ ፍጆታ ነው፤ ትንኟ ገና ሳትበዛ። በዚያ ላይ መንገዱ ጭቃ ነው።

በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሳምንታዊ የወባ ቻርት ታውቁታላችሁ። ባለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍተኛ ተወስዶ መስመር ይሰመራል፤ የዘንድሮው ከዚያ ካለፈ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ይመረመራል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያው በግጭት በተዘጋበት ዓመት የተመዘገበ በሽተኛ የለም፤ ወባ ባገረሸበት ዓመት ደግሞ ቁጥሩ ተሰቅሏል። ከአምስቱ ዓመታት ሁለቱ ወባ ያገረሸባቸው ከሆኑ መስመሩ ራሱ ከፍ ይልና የዘንድሮው ወረርሽኝ እንደ ወትሮው መስሎ ያልፋል። ይህን ማየት የሚችለው ቻርቱን በየሳምንቱ በእጁ የሚሞላው ባለሙያ ነው፤ ከአዲስ አበባ አይታይም።

የወረደ ግብ ብቻውን የማይበቃበት ሌላው ሥራ ወሊድ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በአገር አቀፍ ጥናት በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ 48 ነበር። ዕድገቱ ትልቅ ነው። በጉሙዝ ባህል ግን ሴት ከቤት ወጥታ በጫካ ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ለዚህች እናት «ተቋም ውስጥ ውለጂ» የሚለው ግብ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የሚያመጣት የእናቶች ማቆያ ክፍል ነው፤ ከሽመል የተሠራም ቢሆን ንጹሕ ይሁን፣ የራሷን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይኑርበት፣ የለመደችው የማሽላ ገንፎ ይገንፋበት። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ወሊድ ነፃ አገልግሎት ስለሆነ (ሊሆንም ይገባዋል) ለጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ አያስገባም፤ ዱቄቱ፣ ማገዶውና የአብሳይዋ ደመወዝ ግን ወጪ ናቸው። ከካርድና ከመድኃኒት ሽያጭ የሚገኘውን የውስጥ ገቢ በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድ ነው። ቦርዱ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰበሰብ ቆይቶ በሰኔ መጨረሻ ለፊርማ ብቻ ከተጠራ ገንፎው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው የዕቅድ ዝግጅት እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ይዞ ይቅረብ፦ የወረደለትንና ከቤተሰብ ፎልደር የቆጠረውን። በወርቅ ቦታና በእርሻ ያለው ሰው፣ ቢገመትም እንኳ፣ ለብቻው ይጻፍ። ወረዳው የልዩነቱን ምክንያት ይስማ፤ ከተቀበለ ግቡን ያስተካክል፣ ካልተቀበለም ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ይመልስ። የመስከረም የወባ መድኃኒት ጥያቄም በክረምቱ ፍጆታ ሳይሆን ባለፈው ዓመት የመስከረምና የጥቅምት ፍጆታ ተሠልቶ፣ ቦርዱ ፈርሞበት፣ መንገድ ሳይበላሽ በሰኔ ይላክ።