ባትሪው ቢሞት መሣሪያው አይጣል
(በፊልቱ ለመሠረታዊ ማኅበራት መሪዎችና ለመጋዘን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ባትሪ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ያስከፈለን ዋጋ ግን ትንሽ አልነበረም።

በአንድ ወቅት ከገናሌ ዳር የመጣ በቆሎ ስንረከብ የእርጥበት መለኪያችን አልበራ አለ። እህሉን በጥርስ ነክሰን «ደርቋል» ብለን አስገባነው። ብዙም ሳይቆይ ከሥር ያለው ጆንያ ሞቀ፣ ሻገተም። በቆሎ በመጋዘን እንዲቆይ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ሻጋታ ይይዘዋል፣ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም ሊፈጠርበት ይችላል። ኪሳራው የአባላት ሆነ። መለኪያው ግን ደህና ነበር፤ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ሲጠፋ «ተበላሽቷል» ብላችሁ መደርደሪያ ላይ አትስቀሉት። መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፣ ቀጥሎ አብርታችሁ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። በብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው፤ አንዱ ድንጋይ 1.2 ቮልት ሲሆን ስድስቱ ተያይዘው 7.2 ቮልት ይሰጣሉ። ወዲያው ወደ 6 ቮልት ከወረደ ቢያንስ አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስድስቱንም ለውጡ፤ አሮጌና አዲስ አይቀላቀል።

የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዛሬ በቀላሉ ባይገኝ ቮልቱ እኩል የሆነው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሊተካው ይችላል። የሚይዘው ግን ስለሚበልጥ በዝግታ በሚሞላው አሮጌ ቻርጀር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቻርጀሩ ፈጣን ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ሊትየም ባትሪ በዚያው ቻርጀር በፍጹም አይሞላ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ድንጋዮቹ የብረት ጆሮ ያላቸው ይሁኑ፤ ካውያ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ካረፈ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት የፖዘቲቭና የኔጋቲቩን ሽቦ ምልክት አድርጉ፣ በመሣሪያው ላይ የተሞላውንም ቁጥር ጻፉ፤ ባትሪ ሲነቀል የሚጠፋበት መሣሪያ አለና።

ከተለወጠ በኋላ መብራቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። አንዱን የእህል ናሙና በእናንተ መለኪያና ትክክለኛነቱ በተረጋገጠ ሌላ መለኪያ ለክታችሁ አስተያዩ። ሳይተያይ የተገኘ ቁጥር ከጥርስ አይሻልም።

ካድሚየም መርዝ ነው፤ አሮጌው ባትሪ አይቃጠል፣ በብርካና በኩሬ አጠገብም አይጣል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለዩኒየኑ ንብረት ክፍል መልሱ። የአገራችን ሙቀትም ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፤ መሣሪያውን በመኪና ውስጥ ሳይሆን በጥላ አኑሩት።

ከመጪው ምርት በፊት እያንዳንዱ መጋዘን መለኪያውን አብርቶ ይፈትሽ። የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።