"ሰው የለኝም" ለምትሉ ምሩቃን
(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሥራ ይዤ፣ ከረባት አስሬ ልመክራችሁ አልመጣሁም። እኔም እንደናንተው ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ስለ ሊንክድኢን እንዳወራ የተጠየቅኩት በየሳምንቱ ስለምጠቀምበት ነው። እና የምትሰሙት አብሯችሁ ከተሰለፈ ሰው ነው።

እኛ ምሩቃን ስንገናኝ የምንላት አንዲት ቃል አለች፤ "ሰው የለኝም።" ዓመታት ተማርን፣ የመውጫ ፈተናውን አለፍን፣ "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ አይተን አመለከትን፣ ከዚያ ዝም። "ሰው ያለው ገባ" እንላለን። ውሸት ነው አልልም። አድልዎ አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ልንታገለውም ይገባል። ግን ሁሉም "ሰው" ጉቦና ዝምድና አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ኃላፊ ባልደረባውን "ኤክሴል በደንብ የሚችል ልጅ ታውቃለህ?" ይለዋል። ባልደረባው ደግሞ የሚያውቀውን ስም ይጠራል። የማያውቀንን ሰው ስማችንን አልጠራም ብለን መውቀስ አንችልም።

ዛሬ የምናገረው ይቺኑ ነው፦ ሊንክድኢንን ሲቪ መበተኛ ብቻ ካደረግነው ብዙም አይጠቅመንም። የሚጠቅመን ሥራችንን የሚያውቁ ሰዎች ስናበዛበት ነው።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው የሥራ ወሬ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከቅርብ ወዳጁ ሳይሆን ራቅ ካለ ትውውቅ እንደሆነ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔና የሰፈሬ ልጆች የምናየው ያንኑ አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው! እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ለአምስት ዓመት ያየ ነው። አዲስ ሥራ በማስገኘት የበለጠ የረዳው መጠነኛ ትውውቅ ሆኖ ተገኘ፤ በጣም የቀረበም፣ ጭራሽ የማይተዋወቅም አይደለም። እና አጎት ሚኒስትር ባይሆንም መንገድ አለ ማለት ነው።

እሺ፣ ከምን እንጀምር?

አንደኛ፣ ከስማችሁ ሥር ያለችው መስመር። 220 ፊደል ገደማ ትይዛለች። ብዙዎቻችን "ሥራ አጥ" ወይም "ሥራ ፈላጊ" ብለን እንሞላታለን። ቀጣሪ ግን "ሥራ ፈላጊ" ብሎ አይፈልግም፤ "ፒችትሪ የሚችል አካውንታንት" ብሎ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የምትችሉትን ጻፉ፦ "የአካውንቲንግ ምሩቅ፣ ፒችትሪና ኤክሴል"፤ "ሲቪል መሐንዲስ፣ አውቶካድ፣ የግንባታ መጠን ስሌት"። የማትችሉትን ግን እንዳትጽፉ። ኢንተርቪው ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ሲያስቀምጧችሁ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ሥራ አሳዩ። "ልምድ የለኝም" እንላለን፤ ግን የመመረቂያ ጥናታችን የት ሄደ? መቶ ሰው ቤት እየዞራችሁ መጠይቅ ሞልታችሁ የለ? መረጃ ሰብሳቢ የሚቀጥሩ ድርጅቶች የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ኢንተርንሽፕ የወጣችሁበትን፣ የእድር ሒሳብ በኤክሴል ያደራጃችሁበትን፣ የአጎታችሁን ሱቅ የዕቃ መዝገብ የሠራችሁበትን ጻፉት። ምን ሠራችሁ፣ በምን ሠራችሁት፣ ምን ውጤት መጣ? ሦስት መስመር ይበቃል። ያስተማራችሁን መምህር ወይም የኢንተርንሽፕ ኃላፊያችሁን ደግሞ በአክብሮት ምስክርነት ጠይቁ፤ ፕሮፋይላችሁ ላይ የሚጽፉበት ቦታ አለ።

ሦስተኛ፣ ሰው ስታነጋግሩ "እባክዎ ሥራ ይፈልጉልኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። የማያውቃችሁ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል? ትንሽ፣ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ጠይቁ። ለምሳሌ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነኝ። በኦዲት ሥራ ለጀማሪ መጀመሪያ መማር ያለበት ምንድን ነው ይላሉ?"

በቃ። ከግቢያችሁ ቀድመው የወጡትን፣ በዘርፋችሁ ያሉትን፣ ውጭ የሚኖሩትን ፈልጉ። የግንኙነት ጥያቄ ስትልኩ አብራችሁ የምትልኳት ማስታወሻ አጭር ናት፤ በነፃ አካውንት በወር የምትልኩትም የተወሰነ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አትበትኑ። ከመለሱላችሁ አመስግኑ። የመከሯችሁን ሠርታችሁ ከወር በኋላ "እንዳሉኝ ተማርኩት" ብላችሁ ንገሯቸው። ያኔ ነው ስማችሁ የሚያዘው። ካልመለሱም አትቀየሙ፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

አራተኛ፣ ይቺ በተለይ ለእኛ ናት። እዚህ ፔጅ ላይ እንከራከራለን፣ እንጋጋላለን። ሊንክድኢን ላይ ግን ኮሜንት ስትጽፉ ግንኙነቶቻችሁ ያዩታል፤ ነገ ኢንተርቪው የምታደርጋችሁም ሴትዮ ልታየው ትችላለች። አቋማችሁን ደብቁ እያልኩ አይደለም። ስድብ ግን ማንነታችንን አያስከብርም፤ አንጀት የሚያርስ ሥራ ሠርቶ ማሳየት ነው የሚያስከብረው።

ስለ ዳታ የምትጨንቁ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ውድ ነው። ጽሑፋችሁን በስልካችሁ ኖት ላይ ጨርሱ፣ በሳምንት ሁለቴ ገብታችሁ ለጥፉ፣ መልስ ስጡ፣ ውጡ። የሥራ ማሳወቂያውን በኢሜይል እንዲመጣላችሁ አድርጉት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሹመት እያያችሁ "እንኳን ደስ አለህ" ማለት ሥራ ፍለጋ አይደለም፤ አንጀትን ማሳረር ነው።

አሁን ከበድ ያለውን ልናገር። ሥራ የተራበ ሰው ለሌባ ቀላል ነው። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም ብር በቴሌብር ላኩ የሚል ቀጣሪ ካያችሁ እዚያው አቁሙ። "ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ፣ ቲኬቱን እኛ እንከፍላለን" የሚለውንም ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ከማይናማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ በጥሩ ሥራ ተስፋ የተወሰዱ ናቸው። ድርጅቱ አድራሻ አለው? በእውነት እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ይታያሉ? ቢሮው ደውላችሁ፣ የሚቻል ከሆነም ሄዳችሁ አረጋግጡ። ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ለማታውቁት ሰው አትላኩ።

ሊንክድኢን የሌለ ሥራ አይፈጥርም። የአገር ኢኮኖሚ ሲታመም ፕሮፋይል አያድነውም። ታላላቆቻችን አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ማስታወቂያ ያነቡ ነበር፤ ዛሬም ጋዜጣውን፣ የሥራ ድረ ገጾቹን፣ የወረዳውን ሰሌዳ አትተዉ። ቤት ተቀምጦ ዓመት መቁጠር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ እናት "ዛሬስ ደወሉ?" ስትል የሚሰማውንም አውቀዋለሁ። ሥራ አለማግኘታችን ስንፍና አይደለም። ግን የምንችለውን ማንም ሳያውቅ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ሥሩ። ያቺን አንድ መስመር አስተካክሉ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ ላኩ። ደግሞ ለእናንተ የማይሆን ማስታወቂያ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ለሚሆነው ጓደኛችሁ ላኩለት፣ ስሙን ጥሩለት። "ሰው የለኝም" ለሚለው ልጅ እኛው ሰው እንሁነው።



ለሥራ ፈላጊ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ኮሜንት ላይ ሙያችሁንና የምትችሉትን ጻፉ፤ እርስ በርሳችን እንተዋወቅ።