የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ከመኝታ ቤታችን እንዴት እንወጣለን?
(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ መጠኑ ወደ 5.8 የሚጠጋ የመሬት መንቀጥቀጥ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በየካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6 የሆነ ተከተለው። በዚያ ወራት በአፋርና በኦሮሚያ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ነቅንቋታል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶ ተደመሰሰች። ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተሠራ ከተማ ይህን ታሪክ ሊረሳው አይገባም ነበር።

እኛን ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን ግን የሐዋሳው ነው። በጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚያ የተሰማው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ5 በታች ነበረ። መጠኑ በአንድ ቍጥር ከፍ ባለ ጊዜ ጕልበቱ 32 ጊዜ ያኽል ስለሚበልጥ፥ ከየካቲቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው ማለት ነው። ሆኖም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከ100 በላይ ተማሪዎች ተጐዱ፤ የጐዳቸውም በድንጋጤ ለማምለጥ የተደረገው ሩጫ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙው ስፍራ ጥቁር መረሬ ነው፤ ልል አፈርም የመሬትን ንቅናቄ ያጐላዋል። የመኝታ ቤታችን ሕንፃ ሁለት ደረጃ አለው፤ ከሁለቱ አንደኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በሰንሰለት ይቈለፋል። ምክንያቱ ሌባ ነው ተብሏል፤ ላፕቶፑ የጠፋበት ሁሉ ይህን ምክንያት አይንቀውም። ነገር ግን ቍልፉ በዘበኛው ኪስ፥ ዘበኛውም በዋናው በር ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ተነሥቶ ከውስጥ ያለ ቍልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይደረግልን ዘንድ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አመልክቷል። መልስ እስኪሰጠን በየሳምንቱ እንጠይቃለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጠረጴዛ ሥር መግባት ለጃፓን ሕንፃ ነው እንጂ ለእኛ ብሎኬት አይሆንም፤ መሮጥ ይሻላል» ይላሉ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። በምድር ቤት በበሩ አጠገብ ያለ ሰው ወደ ሜዳ ቢወጣ እንስማማለን። በአራተኛ ፎቅ ያለው ግን ንቅናቄው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚቈይ ደረጃው መካከል ሳለ ያልቅበታል፤ ያውም በሰው ላይ ሰው እየወደቀ። እርሱ ከመስኮት ርቆ፥ ተንበርክኮ፥ ራሱን በጠረጴዛ ሥር ከልሎ ይጠብቅ፤ ሲያቆም ጫማውን አድርጎ በእርጋታ ይውረድ። መስታወት በባዶ እግር አይረገጥም። ሊፍቱንም አይንካ፤ እርሱስ መች ሠርቶ ያውቃል!

በቁም ሣጥን ላይ የተቈለለውን ሻንጣና ውሃ የሞላ ጀሪካን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወደ ታች እናውርደው።

የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ 4 ሰዓት ልምምድ ይደረጋል። ደወል ሲደወል አንድ ደቂቃ ባለንበት እንከለላለን፤ ሁለተኛው ሲደወል በሁለቱም ደረጃ ወደ ኳስ ሜዳው እንወርዳለን። በዚያም የየፎቁ ተጠሪ በስም ይጠራል። መስማት ለተሳናቸው ጓደኞቻችን ደወሉ ምንም አይደለምና ከየክፍሉ አንድ ሰው ትከሻቸውን መትቶ እንዲያስጠነቅቅ፥ ማየት ለተሳናቸውም ክንዱን የሚሰጥ እንዲመደብ ወስነናል። ለዚህ ሥራ እስካሁን የተመዘገቡት 11 ብቻ ናቸው፤ የሚያስፈልጉን 30 ናቸው። መዝገቡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።