በድምፅ ስለሚያዩ ባለሙያዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት አልትራሳውንድ ስለሚባለው መሣሪያ፥ ይልቁንም መሣሪያውን ስለሚይዘው ባለሙያ ነው።

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። ይህ መሣሪያ ግን በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ እየነጠረ ሲመለስ ሥዕል ይወጣል። ፈሳሽ ያለበት ስፍራ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የሐሞት ጠጠር ግን ድምፁን ስለሚያግድ ከኋላው ጥላ ይጥላል።

በስኮትላንድ፥ በግላስጎ ከተማ፥ ኢያን ዶናልድ የተባለ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ከበሽተኞች የወጡ ዕጢዎችን ይዞ የእንፋሎት ማሞቂያ ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄደ፤ በዚያም የብረት ስንጥቅ በሚፈለግበት የድምፅ መሣሪያ መረመራቸው። ከዚያም ቶም ብራውን ከሚባል መሐንዲስ ጋራ ለሰው የሚሆነውን መሣሪያ ሠራ። አንዲት ሴት የማይድን የጨጓራ ነቀርሳ ይዟታል ተብሎ ተስፋ ተቈርጦባት ነበር። በመሣሪያው ቢያይዋት ግን የተገኘው በእንቁላል ማፍሪያዋ ላይ የበቀለ፥ ፈሳሽ የሞላበት ትልቅ ከረጢት ነው። በቀዶ ጥገና ወጣላት፤ ዳነችም። ዶናልድ፥ ጆን ማክቪካርና ብራውን ሥራቸውን በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ።

ታዲያ ያዳናት መሣሪያው ብቻ ነውን? አይመስለኝም። የራጅ ፎቶግራፍ አንዱ ያነሣውን ሌላው በማግሥቱ ሊያነበው ይችላል። የአልትራሳውንድ ሥዕል ግን ከባለሙያው እጅ የሚወጣ ነው፤ እጁ የዘለለውን ስፍራ በኋላ ማንም ከሥዕሉ አያገኘውም። ስለዚህ ባለሙያው መሣሪያውን ያዘነብላል፤ በሽተኛውን በጎኑ ያስተኛል፤ «ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ» ይላል፤ እንደ ገናም ያያል።

ወላጆች ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ነፍሰ ጡር ሴት ከምርመራ ስትመለስ የዘመድ ሁሉ ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ባለሙያው ግን ከዚያ አስቀድሞ የእንግዴ ልጁ የማህፀንን አፍ ዘግቶ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ ይህ ሳይታወቅ ምጥ ቢመጣ እናቲቱ ደሟ ፈስሶ ልትሞት ትችላለችና።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። አንጀት በአየር ሲሞላ ከኋላው ያለው ቆሽት አይታይም። መልካም ባለሙያ በዚህ ጊዜ «ቆሽቱ ደኅና ነው» ብሎ አይጽፍም፤ «በአየር ምክንያት ቆሽቱን ለማየት አልተቻለም» ብሎ ይጽፋል፤ ሐኪሙም በሽተኛውን ወደ ሌላ ምርመራ ይልከዋል።