መነጽርን ለመተው ከመወሰን በፊት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት ወንበር ተቀምጦ ዕድሜውን በወረቀትና በኮምፒዩተር ፊት ለሚያሳልፍ ሰው ዓይኑ የእንጀራው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት፥ ብዙ ዘመን መነጽር ሲያደርግ የኖረ ሰው ዓይኑን በሌዘር ብርሃን ታክሞ መነጽሩን ለመተው ሲያስብ ምን ምን መመርመር እንደሚገባው ነው። እኔ ራሴ መነጽር ማድረግ የጀመርሁት በ1989 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሲሆን፥ የተውሁት በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገድም በቢሮም የሚያገኙኝ ወዳጆቼ «እኛስ ብናደርገው ምን ይመስልሃል?» እያሉ ይጠይቁኛል። «አድርጉት» ወይም «ተዉት» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ሰው መልስ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ እኔ እንዴት እንደ ወሰንሁ፥ ከመወሰኔም በፊት ምን እንደ ተነገረኝ በዝርዝር ላቅርብላችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ልጅ ሳለሁ ከፊተኛው ወንበር ካልተቀመጥሁ በቀር በሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አልችልም ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያይ ስለ መሰለኝ ለማንም አልተናገርሁም፤ መምህሬም ስንፍና መስሏቸው ብዙ ጊዜ ተቈጥተውኛል። በመጨረሻ አባቴ ወደ ዓይን ሐኪም ወስደው መነጽር አስደረጉልኝ። ከደጅ ስወጣ በመጀመሪያ ያየሁት በበሩ አጠገብ የነበረውን ባሕር ዛፍ ነው። ዛፍ ከሩቅ ሲታይ ቅጠሉ አንድ በአንድ የሚለይ መሆኑን ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። እንግዲህ መነጽርን ልነቅፍ የተነሣሁ ሰው እንዳልሆንሁ ከዚህ ተረዱልኝ፤ ትምህርቴንም ሥራዬንም ያገኘሁት በእርሱ ነው።

ሆኖም መነጽር የራሱ ጣጣ አለው። ዝናብ ሲዘንብ ይንጠባጠብበታል፤ ትኵስ ሻይ ሲቀርብ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ጠዋት ሲነሡም በእጅ እየዳበሱ መፈለግ አለ። ከዚህ ለመዳን ብዬ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ኮንታክት ሌንስ የሚባለውን በዓይን ላይ የሚቀመጥ ስስ ሌንስ አደረግሁ። እርሱም ለሚጠነቀቅለት ሰው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ንጹሕ እጅና ለእርሱ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ካላወጡትም አይተኙም። እኔ ግን አንድ ሌሊት የበጀት ሥራ ሳመሽ ደክሞኝ ሳላወጣው ተኛሁና ዓይኔ ቈሰለ። ያከመኝ ሐኪም «ቍስሉ በመካከል ቢሆን ኖሮ ጠባሳው ማየትዎን ይቀንሰው ነበር» አለኝ። ይህን የማነሣው ብዙ ሰው ሌዘሩን ብቻ አደገኛ አድርጎ ሌንሱን እንደ ጌጥ ስለሚቈጥረው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መነጽሬ ተመለስሁ።

ስለ ሌዘር ሕክምና እንድጠይቅ ያስገደደኝ ነገር የደረሰው በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ሆኜ ሲመሽ ከታክሲ ስንወርድ፥ ለመሳፈር የሚጋፋ ሰው ገፋኝና መነጽሬ ወድቆ በመኪና ጎማ ተሰባበረ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ቤታችን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። የመኪናዎቹ መብራት እርስ በርሱ ስለ ተቀላቀለብኝ የትኛው ቅርብ፥ የትኛው ሩቅ እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ። ልጄም ይህን ባየች ጊዜ «አባዬ፥ እኔ አይልሃለሁ» አለችኝ፤ ግራና ቀኝ ተመልክታም «አሁን!» ስትለኝ እጇን ይዤ ተከተልኋት። በደኅና ተሻገርን። ነገር ግን አንድ ሕፃን በዚያ መንገድ ላይ የሁለት ሰው ሕይወት እንድትጠብቅ መደረጓ ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ አዲስ መነጽር አዘዝሁ፤ ወዲያውም የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝሁ።

አሁን ሌዘሩ የሚሠራውን ነገር በአጭሩ ልግለጽ። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ውፍረቱ በመካከሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ከማሳለፉ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚፈጽመው ይህ ሽፋን ነው፤ የቀረውን በውስጥ ያለው የዓይን ሌንስ ይሠራዋል። ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዓይኑ ኳስ ከልኩ ስለሚረዝም፥ ብርሃኑ በስተኋላ ወዳለው ወደ ሬቲና ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። መነጽር ብርሃኑን አስቀድሞ በጥቂቱ በመበተን ይህን ያስተካክላል። ሌዘሩ ደግሞ ኮርኒያውን ራሱን በመካከሉ ጠፍጠፍ አድርጎ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህም መነጽሩን በዓይኑ ላይ እንደ መቅረጽ ማለት ነው።

የዚህ ጥበብ አጀማመር የሚያስገርም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ቤት የሚሠሩ ሦስት ሊቃውንት፥ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፥ ጄምስ ዊንና ሳሙኤል ብለም፥ ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር በዙሪያው ያለውን ሳያቃጥል ሥጋን ሊቀርጽ መቻሉን አወቁ። የሞከሩበትም ሥጋ ከምስጋና በዓል ማዕድ የተረፈ፥ ተርኪ የሚባለው የትልቁ ዶሮ ሥጋ ነበር። በ1983 የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮክል ከስሪኒቫሳን ጋር በመሆን ይህ ብርሃን ለኮርኒያ የሚያገለግል መሆኑን በጽሑፍ አስታወቀ። በ1995 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሩቅ ለማያዩ ሰዎች ሕክምና እንዲውል ፈቀደ። ብርሃኑ በአንድ ምት የሚያነሣው የአንድ ማይክሮን ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ማይክሮንም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ክፍል ነው።

አሠራሩም ከአንድ የበለጠ ነው። ፒ አር ኬ በተባለው አሠራር የኮርኒያው ስስ የላይ ቈዳ ተነሥቶ ሌዘሩ በቀጥታ ይሠራል፤ ይህ ለጥቂት ቀናት ያማል፥ ማየትም የሚጠራው ቀስ በቀስ ነው። ላሲክ በተባለው ደግሞ ከኮርኒያው ስስ ክዳን ተቈርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጥና፥ ሌዘሩ ከሥሩ ከሠራ በኋላ ወደ ስፍራው ይመለሳል። ይህኛው ሕመሙ አጭር ነው፤ ነገር ግን ክዳኑ ራሱ ከኮርኒያው ብርታት የሚወስደው አለ። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከሌዘሩ ሳይሆን ከመለካቱ ነው።

እኔን ሲለኩኝ ብዙ ሰዓት ፈጅቷል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሌንሱ የኮርኒያውን ቅርጽ ስለሚለውጥ፥ ለስላሳውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፥ ደረቁን ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ አውጥቶ መቈየት አለበት። ሐኪሙ የመነጽሬ ቍጥር በቅርቡ አለመለወጡን፥ ዓይኔ የማይደርቅ መሆኑን፥ የስኳር በሽታ ወይም ሰውነት ራሱን የሚጎዳበት በሽታ እንደሌለብኝ ጠየቁኝ። ከዚያ ሒሳቡን በወረቀት ላይ አሳዩኝ። የኮርኒያዬ ውፍረት 545 ማይክሮን ነው። ክዳኑ 110 ይወስዳል። ቍጥሬ አራት ዲዮፕትር ስለ ሆነ ሌዘሩ 60 ያህል ያነሣል። የሚቀረው 375 ነው፤ ይህም በቂ ነው። ከእኔ ጋር ሄዳ የነበረች አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ግን ኮርኒያዋ ወደ ሾጣጣነት የማዘንበል ምልክት ስለ ተገኘበት ተከለከለች። በጣም አዘነች፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ኮርኒያ ከተቀረጸ ይበልጥ እየደከመና እየተጣመመ ሊሄድ ስለሚችል፥ ክልከላው ዓይኗን አተረፈላት። እናንተም ብትከለከሉ እሺ የሚል ሌላ ሐኪም ፍለጋ አትሩጡ።

ልኬቱ ከተፈጸመ በኋላ ሐኪሙ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። «አሁን መነጽርዎን ሲያወልቁ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ጥቃቅን ጽሕፈት ያነባሉ። ይህ ለሩቁ ጉድለትዎ የተሰጠ ካሣ ነው። ዕድሜዎ ግን 41 ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሰው ሁሉ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ይሄዳልና ሩቁን ካስተካከልነው፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለማንበብ መነጽር ያስፈልግዎታል። ተራራውን እሰጥዎታለሁ፤ ገጹን ግን ልጠብቅልዎ አልችልም» አሉኝ። አንዱን ዓይን ለሩቅ፥ ሁለተኛውን ለቅርብ አድርጎ መተው እንደሚቻልም ነገሩኝ፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ በኮንታክት ሌንስ ሊሞክረው ይገባል።

ወደ ቤቴ ስመለስ አሳቤ ተከፈለ። ንባብ ሥራዬ ለሆነ ለእኔ ገጽን ሰጥቶ ተራራን መግዛት ኪሳራ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ጭንቀቴን አይታ «እስቲ በቀን ስንት ሰዓት ያለ መነጽር እንደምታነብ ቍጠረው» አለችኝ። እንደ ጽሕፈት ቤት ሰው ወረቀት አስምሬ አንድ ሳምንት ሙሉ መዘገብሁ። በቢሮ የምሠራው ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በኮምፒዩተር ፊት፥ ያውም መነጽሬን አድርጌ ነው። መነጽሬን አውልቄ የማነበው ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ኖሯል። እንግዲህ የማጣው የአንድ ሰዓት ምቾት ነው፤ የማገኘው የቀረውን ቀን በሙሉ ነው። ያን ጊዜ ወሰንሁ።

በእኛው መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል የሚሠሩ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ደግሞ ያንኑ ወረቀት አስምረው ከእኔ ተቃራኒ ውሳኔ ላይ ደረሱ። እርሳቸው የደበዘዘ የድሮ የእጅ ጽሑፍ በየቀኑ ሰባት ስምንት ሰዓት ያነባሉ፤ የሚያነቡትም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በባዶ ዓይናቸው ነው። ኮርኒያቸው ጤነኛ፥ ገንዘቡም በእጃቸው ሳለ ተዉት። እኔም እርሳቸውም አልተሳሳትንም።

ሕክምናው ራሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዓይንን የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉልኝ፤ የዓይኔም ቆብ እንዳይከደን በትንሽ መሣሪያ ያዙት። ክዳኑ ሲቈረጥ ዓይኔን የሚጫን ነገር ተሰማኝ፥ ለጥቂት ሴኮንድም ጨለመብኝ። ሌዘሩ ሲሠራ ሲንጣጣ ይሰማል፤ የተቃጠለ ጠጕር የመሰለ ሽታም አለው። በያንዳንዱ ዓይን ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቈየም። የዚያን ዕለት ሽንኩርት እንደ ገባበት ሁሉ ዓይኔ ሲቃጠልና ሲያነባ አመሸ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዴ እጄን ለመነጽር ስሰድድ የግድግዳው ሰዓት ስንት እንደሚል አየሁ።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር በዚያው አለቀ ማለት አይደለም። ዓይንን ማሸት ለብዙ ሳምንት ክልክል ነው፤ ጠብታውም በሰዓቱ መደረግ አለበት። እስከ ስድስት ወር ድረስ በተለይ በኮምፒዩተር ፊት ዓይኔ ይደርቅ ነበር፤ ማታ ማታም በመብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ይታየኝ ነበር። በእኔ ላይ እየቀነሰ ሄደ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ሳይጠፋ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት በሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል። ደግሞም የተስተካከለው የፊተኛው ሽፋን ነው እንጂ የዓይኑ ኳስ ርዝመት አልተለወጠም። ስለዚህ በረዘመ ዓይን ላይ የሚያሰጋው የሬቲና መላቀቅ ዛሬም ያሰጋኛል። ድንገት ብልጭታ ወይም እንደ ጥቁር ዝንብ የሚበር ነገር ቢበዛ፥ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ቢታይ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። «መነጽሬን ጥያለሁ» ብሎ የዓይን ምርመራን መጣል ትልቅ ስሕተት ነው።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ ይህን ሕክምና የምታስቡ ብትኖሩ ጓደኛችሁ ስላደረገው ወይም ዋጋው ስለ ቀነሰ ብቻ አትወስኑ። ልኬታችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከኮርኒያችሁ ምን ያህል እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚቀር ጠይቁ፤ ያለባችሁን በሽታ አትደብቁ። ከዚያም ዓይናችሁ በቀን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በሰዓት ቍጠሩ። መነጽራችሁ ሥራችሁን በሚገባ የሚፈጽምላችሁ ከሆነ፥ መነጽር ማድረግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

እኔ ከልጄ ጋር መንገድ ስሻገር አሁን ግራና ቀኝ የማይላት እኔ ነኝ። ነገር ግን ይህ ንግግር የተጻፈበትን ወረቀት የያዝሁት ከወትሮው ጥቂት ራቅ አድርጌ መሆኑን ልነግራችሁ ይገባል። ሐኪሙ ያሉት ቀን እየቀረበ ነውና በቅርቡ የማንበቢያ መነጽር ማዘዜ አይቀርም። አላዘንሁበትም፤ ዋጋውን አስቀድሜ ዐውቄ የከፈልሁት ነውና።