«ጨዋ ናት»፣ «ዱርዬ ነው»

ቅዳሜ ማታ በቀጥታ ውይይታችን ላይ የተናገርኩትን በጽሑፍ እንዳወጣው ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፤ ይኸው። አንዳንድ ቦታ እንደተናገርኩት ነው የተውኩት፣ አላስተካከልኩትም።

ዛሬ ስለ ታሪክ አላወራም። ስለናንተ ነው የማወራው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስላላችሁ፣ ማታ ማታ ደብተራችሁን ከፍታችሁ ስልክ ላይ ስለምታመሹ ልጆች።

እንደምታውቁት መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት የክፍል ኃላፊ በነበርኩበት አንድ 10ኛ ክፍል ሁለት ልጆች ነበሩ። ልጅቷ ከፊት ትቀመጣለች፣ እጇን አታወጣም፣ አንገቷን የደፋች ናት። መጀመሪያ ደረጃ ትይዝ ነበር፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ውጤቷ ወረደ። በየሳምንቱ «ቲቸር፣ ጨጓራዬን አመመኝ» ብላ ፈቃድ ትጠይቀኛለች። እፈቅድላታለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ስሟ ሲነሳ «ጨዋ ልጅ ናት» እንላለን፣ አለቀ። ልጁ ደግሞ ከኋላ ነው። ይደባደባል፣ ከሰዓት ይፎርፋል፣ ጫት ጀምሯል ይባላል። እሱን «ዱርዬ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን የክፍሉን መስታወት በቡጢ ሰበረና «ወላጅ አምጣ» ብዬ ከግቢ አስወጣሁት። ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ኋላ ነው የሰማሁት፤ አባቱ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። ማንን ያምጣ? ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ልጅቷም በዓመቱ መጨረሻ ራሷን ልታጠፋ ሞክራ ሐኪም ቤት ገባች። ተርፋለች፣ እግዜር ይመስገን።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመማቸው አንድ ነበር አልልም። ግን ሁለቱም እፊቴ ነበሩ፣ ሁለቱንም አላየኋቸውም። ለሷ የሰጠነው ስም ምስጋና ስለሆነ ማንም ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም። ለሱ የሰጠነው ስም ደግሞ ቅጣት እንጂ ጥያቄ የሚያስከትል አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ክፍላችሁ ውስጥ 50 ተማሪ ካለ እስቲ አስሉት፤ ሰባት ልጅ ነው። ልጆች ሳሉ በድባቴ ወንድና ሴት ብዙም አይለያዩም። ጉርምስና ሲገባ ግን የሴቶቹ ቁጥር ወደ ወንዶቹ እጥፍ ይጠጋል፤ ይህ በብዙ ሀገር የታየ ነው። ወንዶቹ ደግሞ በጠብና በሱስ ይበልጣሉ። ራስን ማጥፋት ላይ ስንደርስ ነገሩ ግራ ያጋባል፦ ሙከራው በሴቶች ይበዛል፣ የሚሞቱት ግን በዓለም ደረጃ ሲታይ ወንዶች ከእጥፍ በላይ ናቸው። ስለዚህ «የሴት በሽታ ነው» የምትሉ ልጆች፣ ተሳስታችኋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሆርሞን አለበት፣ አልክድም። ግን የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቀን ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው። መንገድ ላይ ለከፋ አለ። ለካፊዎቹ እነማን ናቸው? እኛው ነን። የወር አበባዋ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃ የለውም፤ በዚያ ሳምንት ትቀራለች፣ የቀረችበትን ፈተና ደግሞ ማንም አይደግምላትም። ገጠር ከሆነች ሽማግሌ ሊላክ ይችላል። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ሳይሞላቸው እንዳገቡ አሳይቷል። ይህን ሁሉ የተሸከመች ልጅ ክፍል ውስጥ ስትወድቅ «ሰይጣን ያዛት» ይባላል። ጨጓራዋን ሲያማት ደግሞ የጨጓራ ኪኒን ትዋጣለች። ሆዷን አመማት እንጂ ሆዷ ውስጥ ያለውን ማን ጠየቀ?

ወንዱስ? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ነው ያደገው። ቃሉም የለውም። «ደበረኝ» ይላል፤ «ደበረኝ» ደግሞ ለዝናብም ለሂሳብ ክፍለ ጊዜም ይባላል። ስለዚህ በሌላ በር ይወጣል፤ በቡጢ፣ በጫት፣ በቤቲንግ ቤት።

እዚህ ላይ ወደራሳችን ልምጣ፣ ብትቆጡም። እዚሁ ገጻችን ላይ ያልተስማማንን ልጅ «ሴታሴት»፣ «ቀሚስ ልበስ» እያልን ስንት ጊዜ ተሳድበናል? እኔም ላይክ ያደረግኩበት ቀን አለ። ያንን የሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ ነገ ሲጨንቀው ለማን ይናገር? ለኛ? ደግሞ የአያቶቻችን ወግ ነው አትበሉኝ። አያቶቻችን ለቅሶ ላይ ደረታቸውን እየመቱ በአደባባይ የሚያለቅሱ፣ ለሐዘን ፂማቸውን የሚያሳድጉ ወንዶች ነበሩ። ፎቷቸውን ፕሮፋይል የምናደርጋቸው አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ተዋበች ስትሞትባቸው በሐዘን ምን ያህል እንደተጎዱ ታሪክ ጽፎታል። እህቶቻችንንም «የጀግና እናት» ማለት እንወዳለን። የ16 ዓመት ልጅ ገና የማንም እናት አይደለችም፣ ተማሪ ናት።

ፈተናውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት በወጣ ማግስት የወደቀ ልጅ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ወንዱ «ለቤተሰቡ ምን ሊረባ» ይባላል፣ በየመን በኩል የሚወስድ ደላላ ስልክ ይፈልጋል። ለሷ ደግሞ ወይ ባል ወይ አረብ ሀገር ይታሰብላታል። ያን ሳምንት ጓደኞቻችሁን በስልክ ሳይሆን በእግር ሄዳችሁ እዩአቸው።

ቅዳሜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ጠይቃኝ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከክፍሉ አይወጣም፣ እንቅልፍ የለውም፣ እሷን ይሰድባል። እናታቸው «ፀበል ይሂድ» ይላሉ። የመለስኩላትን እደግመዋለሁ። ፀበሉን አልከለክልም፣ ይሂድ፤ ሐኪምም ይየው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ፀበል ገባሁ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ ስለሆነብን እንፈራለን፤ ነገር ግን አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ ብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። ካልሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ የት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል።

ሌላም አልኳት። «ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ይቀለዋል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ ለእናታችሁ ንገሪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ምስጢር ነው ቢልሽም።

እሁድ ማታ ጻፈችልኝ። «ጠየቅኩት» ነው ያለችኝ። የመለሰላትን እዚህ አልጽፍም። ሰኞ ጠዋት ከእናታቸው ጋር ሦስቱም አብረው ሄደዋል።