ዳዶ፣ ቀለበትና መንጠቆ

የዛሬው ዝግጅታችን በእጅ ስለሚሠራ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ በተለይ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰመራ፣ ሎጊያና ዱብቲ ለምትኖሩ።

ባሕር ላይ ማኬሬል የሚያጠምዱ ሰዎች አንድ ክር ላይ አራት አምስት መንጠቆ ደርድረው፣ እያንዳንዱን ላባ አልብሰው፣ ከታች ክብደት ያንጠለጥላሉ። ማኬሬል በመንጋ የሚዋኝ፣ ትናንሽ ዓሣዎችን በዓይኑ እያየ የሚያሳድድ ዓሣ ነው። ክሩ ከፍ ዝቅ ሲል ላባው የሚሸሽ ዓሣ ይመስለዋል። ይህንኑ አዋሽ ላይ ብትጥሉት ግን ላባውን የሚያየው የለም። በሐምሌና በነሐሴ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ወንዙን ወተት የገባበት ሻይ ያስመስለዋል።

የእኛ አምባዛ ደግሞ ዓይኑን ብዙም አይፈልገውም። አፉን የከበቡት ስምንት ጢሞች አሉት፤ በእነሱ እየዳሰሰና እያሸተተ ከጭቃው ላይ ይለቅማል፣ ይበልጡንም በሌሊት። ከአየር በቀጥታ መተንፈስም ስለሚችል ሌላው ዓሣ የሚታፈንበት ውሃ አይበግረውም። ስለዚህ ማጥመጃችን ከወንዙ ወለል የሚተኛ፣ ሽታ ያለው መሆን አለበት።

ክብደቱን ከጋራዥ ፈልጉ። በጅቡቲ መንገድ ዳር የተጣለ የብሎን ዳዶ አይጠፋም። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጠው የሚሠሩ አሉ፤ ጭሱ መርዝ ነውና እባካችሁ ተዉት። ወፍራሙን የናይሎን ክር በዳዶው ቀዳዳ አሳልፉና ጫፉን ትንሽ የቁልፍ ቀለበት ላይ እሰሩ። ቀለበቱ ከዳዶው ቀዳዳ የሰፋ ይሁን፤ አለበለዚያ ዳዶው ሾልኮ መንጠቆው ላይ ያርፋል። ከቀለበቱ ሌላ አንድ ክንድ ያህል ክር ቀጥሉና መንጠቆውን በእሱ ጫፍ እሰሩ። አምባዛው ምግቡን አንስቶ ሲሄድ ክሩ በዳዶው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ስለማይሰማው አይጠራጠርም።

ቋጠሮው ላይ አትቸኩሉ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን አስገቡ፣ ጫፉን በራሱ ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ከዚያ ዓይኑ አጠገብ በቀረችው ክፍተት መልሳችሁ አሾልኩት። ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲፋተግ ይግላል፣ የጋለ ክር ደግሞ የሚበጠሰው ትልቁ ዓሣ የመጣ ለት ነው። መንጠቆው ላይ ትል፣ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ይበቃል። አምባዛውን ስታወጡ በጎንና ጎኑ ካለው እሾህ እጃችሁን ጠብቁ።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ይፈልጋል፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ቁራጭ ተንሳፋፊ ይሆንለታል።

አዋሽ አዞ አለበት። ውሃው ውስጥ ቆማችሁ አታጥምዱ፤ ሌሊት ደግሞ ከዳርቻው ራቅ በሉ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ከሆናችሁ መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ለገበያ የሚያጠምድ ሰው በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 315 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር አደራ። የተበጠሰ ክርና የዛገ መንጠቆ ዳርቻው ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። እዚያው ቦታ ነገ ፍየልና ግመል ውሃ ሊጠጣ ይወርዳል፤ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።